ገንፎው ሳይበርድ

ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ድረስ ገንፎ ፎቶ በማንሳት የሚወዳደረኝ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና አራስ ቤት ነው። ይህን በየሰርጉም በየልቅሶውም ስናገር ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ የሚያምነኝም አላጣሁም። እውነቱን ካወጣነው ግን ገንፎውን ያነሳው ጋሽ መስፍን ነው። እኔ ነጠላ ወጥሬ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ወልዳ ባለቤቴን ተከትዬ ለጥየቃ ሄድኩ። ገንፎው ሲቀርብ ሰባት ስልክ ከላዩ ተዘረጋ። ሁሉም እየሳቀ ያነሳል፤ የእኔ መዳፍ ብቻ በላብ ራሰ።

"ምነው፣ አመመህ?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ሙቀቱ ነው" አልኳት። ሙቀቱ አልነበረም።

ጋሽ መስፍን ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰው አያነሳም፣ ሰርግ አያነሳም፤ ምግብ ብቻ ነው የሚያነሳው። ስለ ደጋ ምግቦች ለሚታተም አንድ መጽሐፍ ተልኮ ከደሴ በአይሱዙ ጋቢና መጣ፤ መንገዱ የጎድን አጥንቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረከበን። መስከረም ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እቆርጣለሁ። ሽንኩርትና ዳቦ እያነሳ የሚኖር ሰው አለ ሲሉኝ መቀሱን ጥዬ ሄድኩ።

"ሳምንቱን አብረኸኝ ሥራ" አለኝ። "እጅህ ከረጋ አዲስ አበባ ይዤህ እሄዳለሁ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጄ አልረጋም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አንድ ቀይ ሽንኩርት ፊቴ አስቀምጦ "እየው" አለኝ።

"ምኑን ልየው ጋሼ?"

"ፊቱን። ምግብ ሁሉ ፊት አለው። ፊቱን ሳታገኝ ካሜራ እንዳትነካ።"

ያንን ሽንኩርት ከገዛ ወንድሞቼ አብልጬ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ከበስተጀርባው ጥቁር ነገር ሲኖር እንደሆነ አሳየኝ። በአራተኛው ቀን ፊልም ማስገባት ተማርኩ። በካሜራው ግራ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በጥፍሩ እየነካ "ይቺን አትርሳ" አለኝ። "ፊልሙ ሲሳብ አብራ ትዞራለች። ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብታነሳ ያነሳኸው አየር ነው።"

የቀረው የአራስ ገንፎ ነበር። ጋሽ መስፍን ለፎቶ ተብሎ የተገነፋ ገንፎ አላነሳም ብሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ የወለደች ሴት ሲያፈላልግ ነው የሰነበተው። ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው በወግዲ መንገድ ካለች መንደር ወሬው መጣ። ለማግስቱ ማለዳ የመመለሻ መኪና ይዟል። ያ ገንፎ ከተበላሸ ሌላ ልጅ መወለድ ነበረበት።

የቤቱ አዛዥ የአራሷ እናት፣ እማማ ሀዋ ነበሩ። "አንሱ፣ ግን ገንፎው ሳይበርድ!" ብለው ፈቀዱልን። ጥቁር ብርድ ልብስ ሰቀልን። ገንፎው በገበቴ ላይ ጉብ ብሎ፣ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተንጣልሎበት መጣ። ጋሽ መስፍን ዓይኑን ከገንፎው ሳያነሳ ካሜራውን ዘረጋልኝና "ፊልም አስገባ" አለኝ። እጄ እንደ ወንፊት እየተንቀጠቀጠ አስገባሁ። ከዚያ ብርሃን እንድመልስለት ነጭ ነጠላ ወጥሬ በስተግራው ቆምኩ።

ገበቴውን ትንሽ ያዞራል፣ ያያል፣ መልሶ ያዞራል። አሥራ አምስት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ።

"ያ ረቢ!" አሉ እማማ ሀዋ። "ይሄ ሰውዬ ገንፎዋን ሊያገባት ነው እንዴ?"

"አብሽሩ እማማ" አለች አንዷ፣ "ጥሎሽ ሳያመጣ አንድራትም!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። ስምንተኛውን ሲያነሳ ዓይኔ ማዞሪያዋ ላይ አርፎ ነበር። አልዞረችም። ዘጠነኛው ላይም አልዞረችም። ለአሥረኛው ከእኛ ገብርኤልን፣ ከእነሱ አውሊያቸውን ጠራሁ፤ አንዱ እንኳ ሥራ ባይበዛበት ብዬ። ንቅንቅ አላለችም።

"ጋሼ..." አልኩ።

"ነጠላውን አታወዛውዝ!"

"አይ ጋሼ፣ ትንሽ..."

"እንፋሎቱ ሊያልቅ ነው፣ ዝም በል!"

ነጠላውን አጥብቄ ወጠርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ያንን ቃል ካወጣሁት ግን እጄ አለመርጋቱ ይታወቃል፤ አዲስ አበባም እዚያው ገንፎው ውስጥ ትቀራለች። እንፋሎቱ ሲሳሳ አየሁ። ቅቤው ዳር ዳሩን መርጋት ጀመረ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ስል እማማ ሀዋ ተነሱ።

"በል ይበቃሃል ልጄ፣ እኛም ሰዎች ነን!"

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ለሕፃኑ ዕድሜ፣ ለእናቱ ጤና፣ ለገብሱ ከበረዶ መዳን ለመኑ። "እነዚህንም ልጆች የደከሙበትን ያሳያቸው" ብለው ጨረሱ። ሴቶቹ "አሚን" አሉ። ጋሽ መስፍንም "አሚን" አለ። እኔም አልኩ፤ እንደዚያ ከልቤ አሚን ብዬ አላውቅም። ከአሚን በኋላ ወደ ገበታ የተዘረጋ እጅ "ቆይ" አይባልም፤ ገንፎው በየአቅጣጫው ሲናድ ቆሜ አየሁ። እማማ ሀዋ የጡጫ ያህል ጉርሻ አጎረሱኝ። እንደሱ የጣፈጠኝ ገንፎ የለም፤ እንደሱ ለመዋጥ ያስቸገረኝም የለም።

ከወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ፊልሙ ባዶ ሆነ" ይላል ጋሽ መስፍን። "አጣቢዎቹ ያበላሹብኝ ይመስለኛል፤ ተጣልቻቸዋለሁ። እማማ ሀዋን ይቅርታ በልልኝ። አንተ ግን እጅህ ደህና ነው፣ ና።" መጽሐፉ ያለ ገንፎ ታተመ። እኔም አልሄድኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ እናቴ ታማ ነው የቀረሁት እላለሁ። እናቴ በዚያ ዓመት ጉንፋን እንኳ አልያዛትም።

ዛሬ እዚሁ ከተማ የራሴ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። በስህተቱ ራሴን መውቀስ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ፊልም ሳይዝለት የቀረ አንሺ እኔ ብቻ አይደለሁም። የማያስተኛኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ጋሽ መስፍን ጣቱ ላይ የቀረውን ቅቤ እየላሰ "ፊልሙን አውጣልኝ" ብሎ ካሜራውን ሰጠኝ። የተነሳ ፊልም ጫፉ ወደ ቆርቆሮው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል። ስከፍተው የእኛው ጫፉ ውጭ ነበር፤ አንድም አልተነሳበትም። ጀርባዬን አዞርኩና ጫፉን በጣቴ ጠቅልዬ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ የተነሳ አስመስዬም ሰጠሁት።