አላውቅም የሚል ሰው

ጎንደር ውስጥ ሥራዬን ለማያውቅ ሰው መናገር አልወድም። ሲጠይቁኝ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ። የሚያውቁኝማ ራሳቸው ያልፉኛል። አዘዞ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ያየችኝ የወታደር ሚስት ዘንቢሏን አንሥታ በሌላ በኩል ስትዞር ስንት ጊዜ ታዝቤአለሁ። አልፈርድባትም። መጠሪያዬ የወታደር ቤተሰብ ድጋፍ አማካሪ ነው፤ በሰው አፍ ግን መርዶ ነጋሪ ነኝ። እውነቱን ለመናገር መርዶ ነግሬ አላውቅም። እሱን የሚነግሩ ሌሎች ናቸው። እኔ የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይም ደግሞ ክፉም ደግም ወዳልተሰማበት ቤት። ይህን ግን ቲማቲም ሻጭ ፊት ቆሞ ማስረዳት አይቻልም፤ እኔም ትዕግሥቱ የለኝም።

ሥልጠና ላይ ብዙ ነገር ነግረውናል። አድምጡ፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም በሉ፣ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉ። የመጨረሻው ከሁሉም ቀላል መስሎኝ ነበር። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል?

ነገሩ ወዲህ ነው። በእኛ አገር ሞትን ከሟች ቤተሰብ በፊት ሌላው ሰው ይሰማዋል። ጎረቤት ያውቃል፣ የነፍስ አባት ያውቃል፣ ወፍጮ ቤት የተሰለፈው ሁሉ ያውቃል። ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ በልቶ ያድራል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሽማግሌ እስኪገኝ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ይደበቃል። በዚያ መካከል ያ ምስኪን ልቡ ፈርቶ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ ምን አውቄ» ይሉታል። ስለዚህ እኛ ዘንድ አላውቅም የሚል ሰው ያወቀ ሰው ነው። ሥልጠናው ላይ ይህን ያነሣ አልነበረም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች ደጋ መንደር ገብስና ባቄላ እያረሱ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየውን አያ፣ ሴትዮዋን እትዬ እላቸው ነበርና እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ሴቶቹን ልጆቻቸውን ድረዋል። ከሴቶቹ በኋላ የመጣው አንዱ ወንድ ልጃቸው ውትድርና ገባ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ስልኩ ዝም አለ። ከጓደኞቹ የተመለሱ አሉ። ሲወድቅ ያየው የለም፣ ቆስሎ ሲወሰድ ያየው የለም፣ ሲማረክም ያየው የለም። ቢሮው የሚለው «ያለበት አልታወቀም» ብቻ ነው። መንደሩ ደግሞ ጭራሽ አያነሣውም፤ በዚህ ዘመን የወታደር ወላጅ መሆን እዚያ አካባቢ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ልጁን «ያ የራቀው» ይሉታል።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ አድሬ ነው ማለዳ የወጣሁት፤ መንገዱ ከረፋድ በኋላ አይታመንም ነበር። ቀበሌው ቤቱን የሚያሳዩኝ ሁለት ሽማግሌዎች ሰጠኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፣ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ መሃላቸው ገብቻለሁ፣ በዚያ ቁር ማንም የሚያወራ አልነበረም። እትዬ አዛባ ይዘው ከበረት ሲወጡ አዩን። ማለዳ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ የማትታወቅ ሴት፣ ሁሉም ዝም ያለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አዛባውን ጣሉና ደረታቸውን መቱ። ጩኸቱ ገደል ለገደል ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆነ ሳይል ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ፤ እሱም ሲጠብቀው የኖረ ነገር ነበር።

መርዶ አለመያዛችንን ለማሳመን ፀሐይ እስክትሞቅ ፈጀብን። ሽማግሌዎቹ ማሉ፣ ተገዘቱ። እኔም እዚያው ግቢ መሃል ቆሜ፣ በሥልጠናው መሠረት፣ መሞቱንም መኖሩንም እንደማላውቅ ተናገርኩ። እትዬ በመጨረሻ አመኑኝ። እንባቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሳቁ፤ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። «አላውቅም» ያልኩት እሳቸው ዘንድ ሲደርስ «አለ» ሆነ። ያን ቀን ያበሉኝ ዶሮ የብስራት ዶሮ ነበር፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ በላሁት።

አያ ግን አልሳቁም። ዋይታው ሲጀመርም አላለቀሱም ነበር፤ አጥሩን ተደግፈው እኔን እኔን ነበር የሚያዩት። ስመለስ እስከ መኪና መንገዱ ሸኙኝ። ሽማግሌዎቹን ወደፊት አሳለፏቸውና ቀስ ብለው፦

«እሷ ስትጮህ ጊዜ አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው የተውሽው። ደግ አረግሽ። ለእኔ ግን ንገሪኝ፤ እኔ እችለዋለሁ» አሉኝ።

እውነቴን ነው፣ አያ፣ ምንም የማውቀው የለም አልኳቸው።

«እሱንማ ትያለሽ» አሉ፤ አልተቆጡም።

ከዚያ ወዲህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር እሄድ ነበር፤ በሄድኩም ቁጥር አያ ይሸኙኛል። እስከ መንገዱ ድረስ ስለ ባቄላው ዋግ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ፤ መንገዱ ሲታይ ይጠይቁኛል። ማርያምን አላውቅም ብዬ ማልኩላቸው። ለደግ ብሎ የማለ ኃጢአት የለበትም ብለው አጽናኑኝ። አንድ ጊዜማ ተናድጄ፣ እንዲህ የሚያደርጉኝ ከሆነ ሁለተኛ አልመጣም አልኳቸው። የሚያስለቅስ ነገር ባይኖርሽ ምነው ትቆጫለሽ ብለው መለሱልኝ። እኚያን ሰው ማሸነፍ አይቻልም ነበር። ዝም ብል አውቄያለሁ፣ ብናገር አውቄያለሁ፣ ብቀር ደግሞ አፍሬ ነው።

የሚያስቸኩላቸው ነገር ነበር። ሳሉ ደረታቸውን ይዞ አልለቅ ብሏል፤ ጎንደር ሆስፒታል ታይተው የተነገራቸውን ለሚስታቸው አልነገሩም። ልጃቸውን አስፈትተው፣ አልቅሰውለት፣ ተዝካሩን አውጥተው መሄድ ነው የሚፈልጉት። «እኔ ቀድሜ ተሞትኩ እሷ አታስፈታውም። ልጄ እንደ ከብት ሜዳ ላይ ይቀራል» ይሉኛል። የነፍስ አባታቸው ግን ለቆመ ሰው ፍታት አይደረግም ብለው እንቢ ብለዋል፤ መሞቱን የሚያውቅ ይምጣና ይንገረኝ ነው ያሉት። የሚያውቅ የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔ አንድ ጊዜ አዎ ብል ቄሱ ይፈታሉ፣ አያ ያለቅሳሉ፣ ያርፋሉ።

ልዋሽ የቃጣኝ ቀን አለ። ከዚያ መንደር ስመለስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ «አዎ» የምትለዋን ቃል በልቤ እሞክራት ነበር። ማንስ ይጠይቀኛል? የሚሞት ሰው ማሳረፍ ምን ክፋት አለው? ግን ያቺው ቃል እዚያው ቤት ውስጥ እትዬን ትገድላለች። እሳቸው ጎጆው ውስጥ እጄን ይዘው «ያወቅሽው ቢኖርም ለእሱ እንዳትነግሪው፤ ልጄን በቁሙ ያስፈታብኛል» ይሉኛል። ባልና ሚስት አንድ መደብ ላይ እየተኙ አንዱ የልጁን ለቅሶ ይጠብቃል፣ አንዷ የልጇን መምጣት ትጠብቃለች፤ በመካከል እኔ አለሁ። ቢሮ ሄጄ አለቃዬን ነዘነዝኩት። መረጃ ሲመጣ ይገለጻል አለኝ። እሱም አያውቅም። እሱ እንደማያውቅ ግን አላመንኩትም፤ ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ ነው አያን እንደሆንኩ የገባኝ።

የመጨረሻው ቀን አያ ሊሸኙኝ አልቻሉም። ግድግዳውን ተደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ጋቢው ውስጥ ጠፍቷል። እትዬን ጠላ ቅጅላት ብለው ወደ ጓዳ ላኳቸውና አዩኝ። እንዳይጠይቁኝ ጸለይኩ።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አያ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም አላሸሸሁም፤ እንዲያምኑኝ ፈልጌ ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ሸጋ» አሉ። «እንግዲያ እዚያ ስደርስ እኔው አየዋለሁ።»

እትዬ ጠላውን ይዘው ሲመለሱ አያ ስለ በጎቹ ጀምረው ነበር። ጠላውን ጠጣሁ። ጎንደር እስክገባ ድረስ አለቀስኩ፤ የታክሲው ሰው ሁሉ ዘመድ የሞተብኝ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ፣ ምን ልበል።

አያ በክረምቱ አረፉ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የደረስኩት ከቀብሩም ከሰልስቱም በኋላ ነው። ዳሱ ገና አልፈረሰም፤ ጭቃው ላይ ገለባ ነስንሰውበታል። እትዬ ጠጉራቸውን ተላጭተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አልቃሾቹ የአያን እርሻ፣ የአያን ደግነት እያነሡ ያወርዱታል፤ ልጁን ያነሣ ግን የለም። ከለቅሶው ውስጥ እንዳይገባ እትዬ አስቀድመው ከልክለዋል አሉኝ። ደጋ ላይ አባት ሲሞት ቀድሞት የሄደ ልጅ ካለ አብሮ ይለቀሳል። ስላልተለቀሰ በዚያ ዳስ ውስጥ ልጁ አለ ማለት ነው። ቄሱም ዝም፣ መንደሩም ዝም።

ልሄድ ስነሣ እትዬ ተከትለውኝ ወጡ። ከቤቱ ጀርባ፣ የድርቆሽ ክምሩ ጥግ አቆሙኝ።

«ልጄ የአባቱን ሞት አልሰማም» አሉኝ።

ክንዴን ይዘው ቀጠሉ።

«ልጅ የአባቱን መርዶ ሳይሰማ ሲከርም ነውር ነው። ነገ ቢሰማ ምነው ሰው የለኝም ወይ ይላል። ያንቺ ሥራ ይኸ አይደል? ሄደሽ ንገሪልኝ።»

የት አግኝቼው ልል አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት። የት አግኝቼው ማለት በዚያ ቦታ፣ በዚያ በተላጨ ጠጉር ፊት፣ መርዶ ነው። አልነግርም ማለትም መርዶ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ላልነገርኩት ነገር እዚያ ድርቆሽ ሥር ተያዝኩ። እትዬ ፊቴን እየመረመሩ ቆመዋል፤ ባላቸውም እንዲያ ነበር የሚያዩኝ።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኳቸው።

ያኔ ፊታቸው ረገብ አለ፤ ሥርዓቱን ይነግሩኝ ጀመር። በስልክ አይሆንም። ብቻውንም አይሆንም፤ ጓደኞቹን ሰብስቤ፣ አንድ ትልቅ ሰው ይዤ፣ ማለዳ። እህል ሳይቀምስ እንዳልነግረው አደራ አሉኝ፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ ይወድቅብሻል፣ ሕፃን ሆኖም አመሉ ነው አሉ። ሲያለቅስም አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም እንዳትይው፣ እስኪወጣለት ተይው። ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለቱን ተምሬአለሁ፤ እኔ ራሴ ሳለቅስ ምን እንደማደርግ ግን አላስተማሩኝም። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ ባል የሞተባቸው እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን።

አሁን በሴት ልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። ቢሮ ስሆንም ይደውላሉ፣ ገበያ ስሆንም ይደውላሉ። መጀመሪያ ልጆቼን ይጠይቃሉ፣ ዝናቡን ይነግሩኛል፣ ባቄላውን ማን እንዳጨደላቸው ይነግሩኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገርሽው ወይ?» ይሉኛል።

«ገና ነኝ፣ እትዬ።»

መጀመሪያ ጊዜ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አደራዬን በላሽ ይሉኛል፣ ምነው ይህን ያህል ቆየሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ስልኩ ውስጥ ራቅ ብሎ ውሻ ይጮኻል።

«ሸጋ አረግሽ» ይሉኛል በመጨረሻ። «አትቸኩይ። ሳይሰማ ይክረም።»