ሰሜንና ደቡብን ያስተማርኩበት ሳምንት

ሱዳን ውስጥ፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ማስተማር የጀመርኩት ወገቤ ስለከዳኝ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ክረምት ድንበሩ አጠገብ ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ ሳርም ነበር። አገሬ ላይ ግን አሥራ አምስት ዓመት የታሪክ መምህር ነበርኩ። አባቴ አማርኛ፣ እናቴ ትግርኛ ተናጋሪ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለቱም ወገን የሚጠረጥረኝ ሰው ሆንኩና ድንበሩን ተሻገርኩ።

ክፍላችን እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ሸራ ደግሞ ድምፅ አይከልልም። ከጀርባው አንዲት ሱዳናዊት ሻይ ትሸጣለች፤ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር ሸሽታ የመጣች፣ ዕድሜዋ ስድሳ ግድም የሆነች ሴት ናት። እኔ «ኻላ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። እሷ «ኡስታዝ» ትለኛለች፣ መምህር ለማለት።

ያን ሳምንት የደረስነው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበር። መጽሐፍ ስላልነበረን የማስተምረው ካስታወስኩት ነው። ደቡቡ ጥጥ የሚያስለቅመው በባሪያ ነበር፣ ሰሜኑ በፋብሪካና በቅጥር ሠራተኛ ይኖር ነበር አልኳቸው። አዲስ መሬት አገሪቱን በተቀላቀለ ቁጥር «ይህ ግዛት ባርነት ይፈቀድበት ወይስ ይከልከልበት?» እየተባለ ጠብ ይነሳ ነበር። ካርታ ላይ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩን መልሰው አፈረሱት። ያመለጠ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ ሕግ ወጣ፤ ሰሜኑ በሕጉ ተቆጣ። አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ሕግ አውጪ ሌላውን በገዛ አዳራሻቸው በዱላ ደበደበው። በመጨረሻ ባርነት አይስፋፋ የሚል ሰው ሲመረጥ፣ የደቡብ ግዛቶች አንድ በአንድ ወጡ፣ ተኩስም ተጀመረ።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ቁጭ ብለው መነጋገር አቅቷቸው ነው?»

«ተነጋግረዋል። ብዙ ዓመት ነው የተነጋገሩት።»

«እና?»

«የሚነጋገሩት ስለ መስመሩ ነበር። ስለ ሰዎቹ አልነበረም።»

ከኋላ አንዱ በትግርኛ የሆነ ነገር አለ፤ ጥቂቶቹ ሳቁ። ስለ ራሳችን ጦርነት እንደሆነ ገብቶኛል። ሰሌዳውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሻዬን ልጠጣ ስቀመጥ ኻላ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችልኝና፣ «ኡስታዝ፣ ጠዋቱን ሙሉ ማንን ስትሰድብ ነው የዋልከው?» አለችኝ።

«እኔ? ማንንም አልሰደብኩም።»

«ባሪያ፣ ባሪያ ስትል ሰምቻለሁ። ይቺን ቃል በእናንተ ቋንቋ አውቃታለሁ። በኛም ቋንቋ አውቃታለሁ።»

ቆዳዋ በጣም ጥቁር ነው። ወረፋ ላይ ሰዎች ምን እንደሚሏት እኔም ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ትምህርቱን ከመጀመሪያው አስረዳኋት። ከሰል እያራገበች አዳመጠችኝ።

«ነጮቹ እርስ በርስ ተዋጉ?»

«አዎ። ጥቁሮቹም ለነፃነታቸው ተዋግተዋል።»

«ከዚያስ?»

«በሕግ ነፃ ወጡ።»

«በሕግ፣» አለችና ትንሽ ሳቀች። ቀጥላም እንደ ተራ ወሬ፣ «የአያቴ እናት ከናንተ አገር ነው የመጣችው። በልጅነቷ አፍነው ወስደው ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ገበያ ሸጧት። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ እዚህ ያወጡላትን ብቻ ነው የምናውቀው፣» አለችኝ።

ትዝ ያለኝ የአያቴ ቤት ነው። እዚያ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከጓዳው የሚተኙ፣ ከእኛ ጋር ገበታ የማይቀርቡ። እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እናቴን ማን እንደሆኑ ስጠይቃት «የቤት ሰው ናቸው» ትለኝ ነበር። ሲሞቱ ከቤተሰቡ መቃብር ርቀው፣ ከአጥሩ ሥር ተቀበሩ። ካደግኩ በኋላ ነገሩ ገብቶኛል። ሆኖም አሥራ አምስት ዓመት ታሪክ ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ለተማሪ አልተናገርኩም። የአሜሪካውን ግን በየዓመቱ እተርክ ነበር።

ለኻላ ይህን ነገርኳት። ይቅርታ ልላትም አሰብኩ፤ በማን ስም እንደምለው ግን አላወቅኩም። እሷም «ያዘለችህስ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። እኛ እሳቸውን የምንጠራበትን ስም ነገርኳት። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በማግስቱ ለተማሪዎቼ የአያቴን ቤት ነገርኳቸው። ያችው ከፊት የምትቀመጠው ልጅ «እንዲህ ያለ ሰው የኛም ቤት ነበረ?» አለች። «ሂዱና ጠይቁ፣» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የአንዱ ተማሪ አባት መጡ። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ቆመው ነው ያናገሩኝ።

«መምህር፣ እኛ አንዱን ጦርነት ሳንጨርስ አንተ ሌላ ትቆፍርልናለህ? ልጆቹን ለፈተና የሚሆን ነገር አስተምራቸው።»

«ፈተናው የት አለ አባቴ?»

«እሱስ እውነትህን ነው፣» አሉና ሄዱ። ልጃቸውን ግን ለአንድ ሳምንት ያህል አልላኩትም። እኔም ሄጄ ላግባባቸው አልሞከርኩም፤ ድካም ነው እንጂ ኩራት አልነበረም።

ከጠየቁት ልጆች አብዛኞቹ «ዝም በል» ተብለው መጡ። ያችው ልጅ ግን የአያቷን መልስ ይዛልኝ መጣች፦ «ነበረ በይው። ሁለት ነበሩ። ጠይቆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ኻላን ገብታ ለልጆቹ እንድትነግራቸው ለመንኳት። «ስሟን ስለማላውቃት ሴት ምን እነግራቸዋለሁ?» ብላ እምቢ አለች። ክረምቱ ሲገባ እህቷ ወዳለችበት ወደ መፋዛ ሄደች፤ ራሃድ ወንዝ ዳር አትክልት ያለማሉ ብላኛለች። ስትሰናበተኝ እጄን ይዛ «ጨርሰው፣ ኡስታዝ፣» አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዝናቡ ሸራውን ቀደደው፣ ትምህርት ተቋረጠ፤ ከተማሪዎቼ ሁለቱ በሊቢያ በኩል ሄዱ ተባለ። ባለፈው ራሽን ለመቀበል ተሰልፌ ሳለ ያችው ልጅ ከአያቷ ጋር ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት።

«መምህር፣ የአሜሪካው ጦርነት ካለቀ በኋላስ ሰዎቹ እንዴት አብረው ኖሩ?»

ወረፋው ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ይከብዳል። አያትየው በነጠላቸው ጫፍ ጥላ ሠርተው ወደኔ ጠጋ አሉ። ባርነቱ ከቀረ በኋላ ለነፃዎቹ መሬት እንዳልተሰጣቸው፣ ብዙዎቹም ለዚያው ጌታ ለማረስ እንደተመለሱ ከመንገር ጀመርኩ።