እትዬ ገዲሴን ማን ይናገራቸዋል?

ዶርቃ ሰው ማዘዝ አትችልም። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ይህ እንደ መልካም ጠባይ በተቆጠረ ነበር፤ ዮጋ ለምታሠራ ሴት ግን እንጀራ የሚያሳጣ ጉድለት ነው። የዮጋ አስተማሪ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትእዛዝ ነዋ! ቁሙ፣ ጎንበስ በሉ፣ ዘርጉ፣ ተንፍሱ። ዶርቃ ደግሞ ከሆሳዕና የመጣ የወንጌላዊ ልጅ ናት። በእነሱ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አፉን የሚከፍተው ሲጠየቅ ብቻ ነበር፤ ያኔም ዓይኑ ከመሬት አይነሳም።

ወደዚህ ሥራ የገባችውም አስባበት አይደለም። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አንድ ጂም ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። እዚያ ሶፊ የምትባል አሠልጣኝ ዮጋ ታሠራለች፤ ዶርቃም ሰው በሌለበት ሰዓት በመስታወቱ ፊት የሶፊን እንቅስቃሴ እየደጋገመች ትሞክረው ጀመር። ሶፊ አንድ ቀን ከበሩ ላይ ቆማ አይታት ኖሮ «አንቺ ልጅ፣ ሰውነትሽ ይሰማሻል» አለቻትና ከዓመት በላይ አሠለጠነቻት። እውነትም የዶርቃ ሰውነት እንደ ሊጥ ይታዘዝላታል። አልታዘዝ ያላት አፏ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሶፊን ተክታ ስታሠራ ድምፅዋ ከማነሱ የተነሳ የፊተኞቹ ቆመው ሲጨርሱ የኋለኞቹ ገና ተኝተው ነበር።

እናቷ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዮጋ የሚለውን ቃል አያነሱም። «ስፖርት ነው የምታሠራው» ይላሉ። ምን ዓይነት ስፖርት ነው የሚል ሰው ከመጣ «የመሳሳብ ነው፣ ለወገብ ነው» ብለው ወሬውን ወደ ዘይት ዋጋ ያዞሩታል። ዶርቃ በዚህ ብዙም አልተቸገረችም፤ ከክላሱ በፊት በልቧ ትጸልያለች፣ ከዚያ ትጀምራለች። የምትጸልየውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅዋ እንዲወጣላት።

የሚኖሩት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ዕቃ ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩት የብሎኩ ሴቶች ወገቤን፣ ጉልበቴን ማለት ካበዙ ቆይተዋል። ዶርቃ ጂም ውስጥ የምትሠራውን ሲሰሙ «ለእኛስ?» አሏት። የብሎኩ ኮሚቴም ድግስ የሚደገስበትን የጋራ ቤት ጠዋት ጠዋት እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው። ቤቱ ሁልጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ቢሆንም ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ መሬቱ ሴራሚክ ነው። እዚያ ላይ ምንጣፋቸውን አነጠፉና ክላሱ ተጀመረ።

ችግሩ እትዬ ገዲሴ ናቸው።

እትዬ ገዲሴ ረጅም ዘመን የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። መኪናውን ያላግባብ ያቆመውን ይቆጣሉ፣ ቆሻሻ ያንጠባጠበውን ይጠራሉ፣ የብሎኩን ዘበኛ ዘግይተሃል ብለው ምክንያት ያስጽፉታል። ክላሱ ውስጥም ቦታቸው የፊተኛው ረድፍ መሀል ነው፤ ዶርቃ በለሆሳስ «እጃችሁን ዘርጉ» ስትል እሳቸው ዘወር ብለው «ዘርጉ ተብላችኋል!» ይላሉ። ያኔ ሁሉም ይዘረጋል። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ዶርቃን ማየት ትተው እሳቸውን ማየት ለመዱ። አንድ ቀን እንዲያውም አርፍደው መጡና ክላሱ ሲያልቅ የሚደረገው ዕረፍት ላይ ደረሱ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ተኝቷል። እትዬ ገዲሴ «እንደምን አደራችሁ» ከማለታቸው የተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ከሁሉ ቀድማ የተነሳችው ዶርቃ ነበረች።

ዶርቃ ማረም ሲያቅታት አንድ መላ አገኘች፤ ጎበዝ ማለት። ጎንበስ ያለችውም ጎበዝ ናት፣ ጎንበስ ማለት ያቃታትም ጎበዝ ናት። ሶፊ አንድ ጠዋት ልታያት መጥታ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ አየቻትና፣ ሲወጡ «አንቺ አስተማሪ ነሽ ወይስ የሰርግ አስተናጋጅ?» ብላ ጠየቀቻት። ዶርቃ ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ቆመው ወደ ፊት የሚጎነበሱበት እንቅስቃሴ ላይ ነበሩ። ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ ሰውነት በቀስታ ይወርዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እትዬ ገዲሴ ግን መሬቱን በጣታቸው ካልነካሁ ብለው ጉልበታቸውን ገትረው ወደ ታች ይወዛወዛሉ። ነካ ሊያደርጉት ሲሉ ይቀራቸዋል፣ እንደገና ይወዛወዛሉ። ዶርቃ ከአጠገባቸው ናት፤ እጇን ብትዘረጋ ጀርባቸውን ትነካለች። ይህ ወገብ እንደሚይዝ ታውቃለች። «እትዬ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት» የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ መጣ። እሳቸው ፊታቸው ደም ለብሶ ከጉልበታቸው ሥር ቀና ብለው አይዋትና፦

«አየሽ ልጄ! ነካሁት!» አሉ።

«ጎበዝ ነዎት እትዬ!» አለች ዶርቃ።

እትዬ ገዲሴ ከዚያ በኋላ ከጎነበሱበት ቀና ማለት አልቻሉም። አራት ሆነው ደግፈው፣ ደረጃው ላይ እያሳረፉ፣ ቤታቸው አስገቧቸው። ሐኪሙ ጡንቻ ነው፣ ይድናል፣ ግን ለጥቂት ወራት መጎንበስ የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ አለ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ዶርቃ ከእናቷ ጋር ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። ሁሉም ያፈጥብኛል ብላለች። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፤ ምድር ቤት ጨርቅ የምትሸጠው ዚነትም አልጋው ጥግ ተቀምጣ «አላህ ያሽርዎት» እያለች ነው። ማንም ዶርቃ ላይ አላፈጠጠም። «ብርድ ነው» አለች አንዷ። «አልቧቸው ሳለ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር እኮ» አለች ሌላዋ። እትዬ ገዲሴ ራሳቸው ትራሱን እያስተካከሉ «ብርድ ነው የመታኝ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ዶርቃ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።

«አሁንማ ተሽሎኛል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ እትዬ ገዲሴ።

«ሐኪሙ አይጎንበሱ ብሎ የለ?» አሉ የዶርቃ እናት።

«ሐኪሙ ልጅ ነው» አሉ እትዬ ገዲሴ።

ዶርቃ እንደሚመጡ ታውቃለች፤ ከመጡ እንደሚጎነበሱ ታውቃለች። ዳግመኛ ወገባቸው ቢያዝ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቶሎ ላይነሱ ይችላሉ።

በማግስቱ ሶፊ ጋ ሄደች። ክላሱን ልትዘጋው ወስናለች፤ የጋራ ቤቱ ለድግስ ተይዟል ብላ፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እየረሳው ይቀራል። ሶፊ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«እሳቸው ወገባቸውን ሲይዛቸው አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ልበል? እናቴን የሚያክሉ ሰውዬ!» አለች ዶርቃ፤ ከመናደዷ የተነሳ ሰውዬ ማለቷንም አላወቀችም። «እኔ አይደለሁም፣ ኮሚቴው እንኳ ይፈራቸዋል። እሳቸውን ማን ይናገራቸዋል?»

«እሺ፣ ዝጊው» አለች ሶፊ። «ግን በድግስ አታሳብቢ። ፈራሁ በይና ዝጊው። እንደዚያ ከዘጋሽው አልቀየምሽም።»

ዶርቃ እንድታባብላት ነበር የሄደችው፤ ተናዳ ተመለሰች። ሁለት ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብታ በመስታወት ፊት ተለማመደች። «እትዬ ገዲሴ፣ እርስዎ ዛሬ...» ትልና ትቆማለች። እናቷ ከወጥ ቤት ሆነው «ማንን ነው የምትቆጪው?» ሲሏት «ማንንም» አለች። እውነቷን ነው፤ እስካሁን ማንንም ተቆጥታ አታውቅም።

ቅዳሜ እትዬ ገዲሴ ደረጃውን በመደገፊያው ብረት ወርደው፣ ወገባቸውን በነጠላ ጠምጥመው መጡ። በሩ ላይ የስፖርት ጫማቸውን በተረከዛቸው ረግጠው አወለቁና ገቡ። ሁሉም ተነሳ። «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ» ብለው የተለመደ ቦታቸውን ያዙ። ዶርቃ ጀመረች። አተነፋፈስ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ እጅ ወደ ላይ። ቀጥሎ መጎንበስ ነው። እትዬ ገዲሴ ከወዲሁ ጉልበታቸውን ገተር አድርገዋል።

ዶርቃ ከምንጣፏ ወረደች። ከክላስ መሀል ከምንጣፏ ስትወርድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«እትዬ ገዲሴ፣ እርስዎ ዛሬ አይጎነበሱም።»

ድምፅዋ ቀጠነ፣ መጨረሻውም ተንቀጠቀጠ። ተሰማ ግን።

«ምን አልሽ?»

«አይጎነበሱም። ተከልክለዋል።»

«ወገቤን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ሥራዬ ይኼ ነው» አለች ዶርቃ። ላብ አጥምቋታል፤ አንዴ ከወጣ ግን አልመለስ አላት። «የዚያን ቀንም አይቼዎት ነበር። ጉልበትዎን ገትረው ሲወዛወዙ እያየሁ ጎበዝ አልኩዎት። ብርድ አልመታዎትም እትዬ። እኔ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ወራት ሙሉ ተንፍሱ ስትባል የኖረችው ሴት ሁሉ ትንፋሿን ዋጠች። እትዬ ገዲሴ ዙሪያቸውን አዩ።

«በሰው ፊት!» አሉ ቀስ ብለው። ምንጣፋቸውን እዚያው ትተው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ዶርቃ ቆማ ቀረች። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ ነገ ጠዋት ብሎኩ ሙሉ ይሰማዋል፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ትገባለች?

በሩ ጋ ጫማው አለ። ሲያወልቁት ተረከዝ መርገጥ በቂ ነበር፤ መልበስ ግን መጎንበስ ይጠይቃል። እትዬ ገዲሴ ግድግዳውን ይዘው ጎንበስ አሉና እጃቸው ወገባቸው ላይ ሄደ። ቆም አሉ። እግራቸውን ጫማው ውስጥ ሊያስገቡ በጣታቸው ፈለጉት፤ ጫማው ተንሸራቶ ራቀ። እንደገና ሞከሩ። ሴቶቹ የሚያዩበት ጠፍቷቸው ጣሪያውን አዩ። ሄዶ ማገዝ ነውር፣ አለማገዝም ነውር ሆነባቸው።

ዶርቃ ጥግ ከተደረደሩት የእድር ወንበሮች አንዱን አንስታ ከኋላቸው አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ። እኔ አደርግልዎታለሁ።»

ተቀመጡ። ዶርቃ ተንበርክካ ጫማውን አነሳች። ይቅርታ ልትል፣ ጉልበታቸውን ልትስም፣ ያለችውን ሁሉ ልትውጠው ዳዳት። አልዋጠችውም። ክሩን ፈታች። እትዬ ገዲሴ በአናቷ ላይ አሻግረው ሴቶቹን ያያሉ፤ እነሱ እጃችሁን አውርዱ የሚላቸው አጥተው እንደሰቀሉ ቆመዋል።

«ተዪው ጫማውን» አሉ።

ዶርቃ ቀና አለች።

«እዚህ ወንበር ላይ የሚሠራ ነገር የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ንገሪኝ እንጂ!»

ዶርቃ ነገረቻቸው። እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባዎ ይቃና፣ መዳፍዎ ጉልበትዎ ላይ ይረፍ። አደረጉ። ትከሻቸው ግን ጆሯቸው ሥር ደርሷል።

«ትከሻዎን ያውርዱ» አለች።

«አውርጄዋለሁ።»

«አላወረዱም።»

እትዬ ገዲሴ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ።

ያኔ ከኋላው ረድፍ ዚነት የሰቀለችውን አንድ እጇን አወረደች። ክላሱ ከተጀመረ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ እዚህ ተናግራም አታውቅም።

«ዶርቅዬ፣ እኔንም እዪኝማ። ይቺን እጄን ወደ ላይ ሳነሳት ትከሻዬ ላይ ይወጋኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመርን ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ሁሌ ጎበዝ ስትዪኝ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለች ዚነት። «አፈርኩሽ።»

ዶርቃ የእትዬ ገዲሴን ጫማ በእጇ እንደያዘች ወደ ኋላው ረድፍ ሄደች።