ጨው ያልገባበት ምስር

አክስቴ የሰው ወጥ ቀምሰው «ጨው አንሶታል» ሳይሉ ማንኪያ አያስቀምጡም ነበር። በሰው አገር፣ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ባለው ጠባብ ኩሽናዬ ውስጥ ስንቴ አበሳጭተውኛል!

ምላሳቸው ላይ ዕጢ የወጣባቸው ጊዜ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ምንም አልደበቀም። ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሌላ ነው፣ ስሜትና ጣዕም የሚያደርሰው ሌላ፤ የመጀመሪያውን እናተርፋለን፣ ሁለተኛውን ግን ዕጢው ስለያዘው እንቆርጠዋለን አለ። እኔ ፈሪዋ «መናገር አያቅትዎትም ይላል» ብዬ የጣዕሙን ነገር ዘለልኩት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ እየቀመሱ «ልክ ነው፣ ልጄ» ይሉኝ ጀመር። ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ምስር ያለ ጨው ሠርቼ አቀረብኩላቸው።

«ልክ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ጨው የሚባል አልገባበትም!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ጣዕሙ እንደሚጠፋማ ሳልቆረጥ በፊት አውቄያለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ነርሷ የራሷን ምላስ አውጥታ፣ በሥዕልም አሳይታኛለች። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ዝም አልኩ።»

አንዴ እንኳ «ለምን ደበቅሽኝ?» ብለው ቢቆጡኝ ምን ነበረበት!

ከቀበርናቸው ሦስት ወር ሆነን። ዛሬ ምስር ሠርቼ፣ ሳላስበው ማንኪያውን ወደ ባዶው ወንበራቸው ዘረጋሁት። መልሼ ራሴ ቀመስኩት።

ጨው አንሶታል።