ዝናብ የሣላቸው በሬዎች

በምሥራቅ ጎጃም የመጀመሪያውን ረቂቅ ሥዕል ለሕዝብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከዓባይ ወዲህ የቀደመኝ የለም። ባለፈው እሑድ ልጄ በስልኳ ቀለም ብቻ የተደፋበት ሥዕል አሳየችኝ፤ አብሮት ብረት ድስት በደረጃ ሲንከባለል የሚመስል ሙዚቃ ይሰማል። «አባዬ፣ ይሄ አይገባህም» አለችኝ። እኔን ነው እንግዲህ።

ነገሩ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቢቸና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የኪነ ጥበብ ክበባችን ሞጣ ለተማሪዎች በዓል ተጋበዘ። ርእሰ መምህሩ «ካሳፈራችሁን ክበቡን እዘጋዋለሁ» ብለው ሸኙን። እኔ በውሃ ቀለም የተሣሉ ጥማድ በሬዎች፣ ጓደኛዬ ደሴ ደግሞ ክራሩን ይዘን ጤፍ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣን። የሽንብራ ቆሎ እየቆረጠምን ደብረ ወርቅን እንዳለፍን የግንቦት ዝናብ ያዘን። ኖኅ ያየው ከዚያ ጋር ሲተያይ ካፊያ ነው።

ሞጣ ስንደርስ በሬዎቹ ቀልጠዋል። ቡናማው ከሰማያዊው ገብቷል፤ ቀንድ የነበረው ሽቅብ የሚሄድ ጭረት ሆኗል። የክራሩም ጅማቶች ርሰዋል፤ ደሴ ቢያጠብቃቸው መልሰው ይላላሉ።

«እንመለስ» አለኝ።

«ክበቡስ?»

ሥዕሉን እንዳለ ሰቀልነው። አዳራሹ ሳቀ። «የቢቸና ካርታ ነው?» አለ አንዱ።

ይሄኔ በእንግድነት የተጠሩ አንድ አዛውንት የዜማ መምህር መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሥዕሉ መጡ። ዕድሜያቸውን ብራና ላይ፣ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና፣ ጭረት ካዩ ዜማ ነው የሚታያቸው።

«ልጄ፣ ይህ የየት አገር ምልክት ነው?»

«እርስዎ ያውቃሉ፣ የኔታ» አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ።

በመቋሚያቸው ጫፍ እየተከተሉ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቀለሙ ሲወጣ ድምፃቸው ወጣ፣ ሲፈስ ወረደ፤ ባዶው ወረቀት ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ደሴ በላላው ክራር ተከተላቸው። የወጣው ነገር ዘፈንም ቅዳሴም አይደለም፤ ግን ማንም አልሳቀም። በሬ የሌለበት ቀለምና ዘፈን የሌለበት ድምፅ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ያን ቀን ገባኝ።

«አገሩን አላወቅሁትም» አሉ የኔታ ዘወር ብለው፣ «መንገድ ግን አለው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ክበቡም ተረፈ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ተረኩላት።

«እንግዲያው ሠዓሊው ዝናቡ ነዋ» አለች።

ነው። ካነሣሁት አይቀር ልጨርሰው፦ በሬዎቹንም ቢሆን ከግድግዳ ካላንደር ላይ በካርቦን ወረቀት ነበር የገለበጥኳቸው። በሬ መሣል ዛሬም አልችልም።