ተተኪዋ ትችላለች ወይ?

ከኮሌጅ እንደወጣሁ አርባ ምንጭ፣ አንድ ጥጥ መዳመጫ ውስጥ ተቀጠርኩ። መንግሥት ከተለወጠ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሥራ መደቤ «ተተኪ» ይባላል። የውጭ አገር ባለሙያ የቀጠረ ድርጅት ሥራውን የሚረከብ ኢትዮጵያዊ ካላዘጋጀ የሥራ ፈቃድ አያገኝለትም። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሲታደስም ተተኪው የት እንደደረሰ ይጠየቃል። እኔ የምተካቸው ሰው አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር።

ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከጨንቻና ከኦቾሎ የወረዱ ናቸው። በጋሞኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ስደርስ ጸጥ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ አንዲት ቃል አይገባኝም። በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ስለ በሬ ዋጋ ይሆናል የሚያወሩት፤ ብቸኛ ሰው ግን ሁሉንም ወደ ራሱ ነው የሚወስደው። እሑድ እሑድ ሲቀላ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ደብዳቤ እጽፋለሁ። መልስ በወር አንዴ ከመጣልኝ ዕድለኛ ነኝ።

ምሳ የምበላው ከጋሼ ጋር ብቻ ነበር። እሳቸው ሩዛቸውን፣ እኔ ዳቦና ሙዜን ይዘን ማንጎው ሥር እንቀመጣለን። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ቤቱን ተከፋፍለውታል። «አገሬ ብገባ ማን ይጠብቀኛል? እዚህ ቢያንስ ማሽኑ ይጠብቀኛል» ይሉኝ ነበር በእንግሊዝኛ።

እንደሳቸው ያለ አስተማሪ አላየሁም። የሥራው ጥበብ ፍሬውን ከጥጡ የሚለየውን ቢላዋ ማስተካከል ላይ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ጥጡ ያራል፤ ከሰፋ ፍሬው አብሮ ያልፋል። ቁራጭ ወረቀት ያስገቡና ሲስቡት ምን ያህል እንደሚይዝ በጣታቸው ይለካሉ። ሠራተኞቹ «የመጨረሻዋን አያሳዩሽም፣ እንጀራቸው ናት» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን መፍቻውን እጄ ላይ አስቀመጡና ሄደው ተቀመጡ። ብቻዬን ፈታሁ፣ ብቻዬን ገጠምኩ። ሠራ።

በሳምንቱ የእድሳቱ ቅጽ መጣ። «ተተኪዋ ሥራውን ለብቻዋ መሥራት ትችላለች ወይ?» ይላል። እችላለሁ ካልኩ ጋሼ ይሄዳሉ። «ገና አልቻልኩም፣ አንድ ዓመት ያስፈልገኛል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለሳቸው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸቴን ነው። ምሳ ብቻዬን ላለመብላት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም አስጠራን። እስከ ዛሬ ለሱ አንቱታ አይወጣኝም። ቅጹን አነበበና «እኔስ ብዬ ነበር፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» አለ፣ ደስ ብሎት። ጋሼ ምን እንደተባለ ጠየቁ። በእንግሊዝኛ ሲነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ በዚያች በሚያውቋት ጥቂት አማርኛ፣ «ትችላለች» አሉ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካሉ እኮ ፈቃድዎ አይታደስም» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ትችላለች» ብለው ደገሙለትና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፉኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ምሳ እንብላ አሉኝ።

ፈቃዳቸው በወሩ አለቀ። ልሸኛቸው አውቶቡስ ተራ ሄጄ እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ። «ለምን እንዲህ አደረጉ? አንድ ዓመት እኮ አብረን እንቆይ ነበር» አልኳቸው።

«እኔ እነሱ ስላንቺ የሚሉት ልክ እንዳልሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሳያቸው ኖርኩ» አሉኝ። «አንቺ በአንድ ቀን ልክ ናችሁ ብለሽ ፈረምሽላቸው።» እንደተቆጡ ናቸው፤ ግን አውቶቡሱ እስኪነሳ እጄን አልለቀቁትም።

ሰኞ ማሽኑን ብቻዬን አስነሳሁ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር መጥቶ ዙሪያውን አየ፣ የወጣውን ጥጥ በእጁ ዘርዘር አድርጎ ፍሬ ፈለገ። አላገኘም። «አበጀሽ» አለኝ። ይህን እንኳ የምነግረው ሰው አጣሁ።