ጆርጄቪች የምትባል እህት አገኘሁ

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የዓይን ሞራ ሊያወጡልኝ ሲዘጋጁ ፈርቼ ጫማዬን ፈለግሁ። ነርሷ በር ላይ ያዘችኝ።

«ሚስተር ወልደጊዮርጊስ፣ ወዴት ነው?»

«ወልደጊዮርጊስ አባቴ ነው፤ እሱን ኦፕሬሽን አድርጉት!»

ሳቀችና የስሙን ትርጉም ጠየቀችኝ። «የጊዮርጊስ ልጅ» አልኳት።

ደንግጣ ደረቷ ላይ ያለውን የስም ባጅ አሳየችኝ፤ ጆርጄቪች ይላል። «እኔ ከሰርቢያ ነኝ። ጆርጄ የእናንተ ጊዮርጊስ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ‹ኢች› ደግሞ ትንሹ ልጅ ማለት ነው። ስማችን አንድ ነው!»

«እንግዲያው እህቴ፣ እጄን ያዢኝ» ብዬ ተመለስኩ። እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም። ጊዮርጊስ ይጠብቅልኝ።

ልጆቼ፣ አዲሷ አክስታችሁ በዕድሜ ታናሻችሁ ናት፤ ቢሆንም አክብሯት።

እናንተስ፣ ስማችሁ ሲተረጎም ያልጠበቃችሁት ዘመድ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ዓይኔ እስኪገለጥ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።